ምጣዱ ለምን አንድ ጎኑን ያሳርራል?

ውጭ አገር ቬፕ ከሚያጨሱ ሰዎች መካከል ማሞቂያ ሽቦውን ተሠርቶ ከሚሸጠው ይልቅ በእጃቸው ጠምዝዘው የሚሠሩ አሉ። ሽቦው ኒክሮም ወይም ካንታል ይባላል። የመጀመሪያው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፤ ሁለተኛው የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም። ስድስት ሰባት ዙር ይጠመዝዙትና ጥጡን ከማስገባታቸው በፊት በትንሽ ኃይል አብራ ጥፋ እያደረጉ ያዩታል። ቅላቱ ከመሐል ተነስቶ ወደ ሁለቱም ዳር እኩል ከሄደ ሥራው አምሯል። አንዱ ዙር ብቻውን ቀድሞ ከቀላ "ሆትስፖት" ይሉታል (የስልኩን አይደለም)። ምክንያቱንም ያውቁታል፦ ዙሮቹ ርቀታቸው እኩል አይደለም፣ ወይም ሽቦው ሲጎተት አንድ ቦታ ቀጥኗል። ጫፉ ቀድሞ ከቀላ ደግሞ ብሎኑ አልጠበቀም። ኃይሉን አጥፍተው በወረንጦ ያስተካክሉታል፣ መልሰው ያዩታል። ችላ ካሉት እዚያች ቦታ ላይ ጥጡ ያራል፣ ጉሮሮ የሚፍቅ መርዛማ ጭስም ይስባሉ።

እኛ አገር ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። ክልከላው ላይ ክርክር የለኝም። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ለአንዲት የጥፍር ስፋት ለማታህል የጭስ መሣሪያ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ሲኖር፣ ያው ዓይነት ሽቦ በየቤታችን ምጣድ ሥር ተዘርግቶ ሲያበቃ ስለ እሱ የሚጠይቅ የለም።

የኤሌክትሪክ ምጣዳችንን ገልብጣችሁ አይታችሁ ከሆነ የሸክላው ሆድ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር ቦይ አለ። የተጠመዘዘው ሽቦ፣ ሰፈር ውስጥ ሬዚስታንስ የምንለው፣ በዚያ ቦይ ይተኛና ጀሶ ይለበሳል። ሽቦውን ስቦ የሚያስተኛው የጠጋኙ እጅ ነው። ስፋቱን የሚለካው በዓይኑ ነው። መሐል ላይ ጠበቅ፣ ዳር ላይ ላላ ካደረገው እንጀራው መሐሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ዓይን የሚያወጣው ግማሹ ብቻ ነው። ጥፋቱ ግን የሚለጠፈው ጋጋሪዋ ላይ ነው፦ ሊጡ ቀጠነ፣ ማሰሻው አነሰ፣ አብሲቱ አልበሰለም። ስንት የቤት ሠራተኛ በሽቦ ጥፋት ተቆጥታ ይሆን?

የእንጀራው ማረር ትንሹ ጉዳት ነው። ሽቦው ላይ አንድ ቦታ ጀሶው ተሰንጥቆ ከተራገፈ ያ ቦታ ሙቀቱን ለሸክላው ማስተላለፍ ያቅተዋል። ስለዚህ ራሱ ከሌላው በላይ ይግላል። የጋለ ሽቦ ገጹ እየተቃጠለ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ደግሞ የበለጠ ይግላል። እንዲህ እየተባባሰ ሄዶ አንድ ቀን ጋገራው መሐል ላይ ይበጠሳል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠጋኙ የተቃጠለውን ቆርጦ ይጥላል፣ ሁለቱን ጫፎች አጣምሞ ያያይዛል፣ ጀሶ ይለብጣል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። ምጣዱ ከበፊቱም የበለጠ ጋለ ተብሎ ይመሰገናል። የጋለበት ምክንያት ግን ሽቦው ስላጠረ ነው። እስቲ እናስላው። በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ ሽቦው ወደ 13.8 ኦም ነው፤ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ከሽቦው አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፣ የሚስበውም ወደ 17.7 አምፔር ይወጣል። የቀረው እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ሽቦ ቀድሞ ከሚያወጣው ሙቀት አንድ አምስተኛ በላይ ጨምሮ ያወጣል። የቤታችን ሶኬት ደህና ከተባለ 16 አምፔር ነው። ዲቫይደሩንማ ባናነሳው ይሻላል። ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ ግድግዳው ላይ ጥላሸት ያላየ ተከራይ ካለ እጁን ያውጣ።

ጠጋኙን ብቻ መውቀስ ግን አልፈልግም። ደንበኛ ራሱ ነው "ሙቀቱ ቀንሷልና ጨምርልኝ" ብሎ የሚመጣው። ሙቀቱ የቀነሰው ብዙ ጊዜ መስመሩ ላይ ኃይል ስለደከመ ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጋግር የሚሆነው ይሄው ነው። በደከመ መብራት ልክ ሽቦው እንዲያጥር ይደረጋል። ሌሊት ወይም በበዓል ማግስት ቮልቱ ሲመለስ ያው ያጠረው ሽቦ ከአቅሙ በላይ ይነዳል። ስለዚህ ጥፋቱን ስንከፋፍል ለመብራት ኃይልም ድርሻውን እንስጠው።

ባለሥልጣኑ የምጣድን የኃይል ቁጠባ ደረጃ ሲያነሳ ሰምተናል፣ ጥሩ ነው። ይሁንና ደረጃ የሚወጣለት አዲሱ ምጣድ ነው። እናቶቻችን የሚጋግሩበት ምጣድ ሦስቴ አራቴ የተጠገነው ነው፤ በዚያ ላይ የፋብሪካው ወረቀት ምንም አይናገርም። እኔ ብጠየቅ ቁጥጥሩን ከሽቦው ሱቅ እጀምረው ነበር። ሽቦ የሚሸጥ ሰው ከምን እንደተሠራ፣ ውፍረቱን፣ በሜትር ስንት ኦም እንደሆነ ጽፎ እንዲሸጥ ይገደድ። ዛሬ የሚጠየቀው "የባለ ስንት ብር ነው?" ብቻ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ምጣድን እንደ ተራ ዕቃ ንቀው ማለፋቸውን ይተዉ፤ ከቤት ዕቃ ሁሉ ትልቁን ኃይል የሚስበው እሱ ነው።

እስከዚያው ሰሞኑን ምጣድ የምታስጠግኑ ካላችሁ፣ ጀሶው ከመለበሱ በፊት እዚያው ቁሙ። የሽቦው ዙሮች ርቀት ከመሐል እስከ ዳር ተመሳሳይ መሆኑን እዩ፤ እርስ በርስ የሚነካካ ዙር ካለ ይስተካከል። የተበጠሰ ሽቦ ከሆነ ቅጥልጥሉን እምቢ ብላችሁ በሙሉ አስቀይሩት። መለኪያ ካለው፣ ከመብራት ተነቅሎ እያለ ኦሙን ያንብብላችሁ፤ ለባለ 3500 ዋት ምጣድ ከ13 በታች ካነበበ ሽቦው አጥሯል። ጫፎቹ የሚታሰሩበት ብሎን መጥበቁን፣ ከብረት እግሩ ጋር የሚያያዘው የመሬት ሽቦ መኖሩንም እዩ። ቤት ስትደርሱ ምጣዱን አሙቁና ዱቄት በስሱ ነስንሱበት። የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚጠቁር ትደርሱበታላችሁ፤ ጠጋኙ ዘንድ ስትመለሱም ጣታችሁን የምትቀስሩት እዚያው ላይ ነው።