ኩባያ ከመለየት መስኮት መክፈት



በመኝታ ክፍሎቻችን አንድ ሰው ሳል በጠናበት ቁጥር የምንወስደው የመጀመሪያ እርምጃ ኩባያውን መለየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ብርድ ይመታናል» ብለን መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ከሳምባ ነቀርሳ አያድኑንም። አንደኛው ሰውየውን ያሳፍረዋል፤ ሁለተኛው በሽታውን ያዛምተዋል።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የሳምባ ነቀርሳን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአየር ነው። የታመመው ሰው ሲስል ወይም ሲናገር የሚወጡት በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሊንሳፈፉ ይችላሉ፤ ሌላው ይተነፍሳቸዋል። በኩባያ፣ በማንኪያ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ታዲያ ኩባያ ለይቶ ትንፋሽ ተጋርቶ ማደር ምን ይሉታል?

ባክቴሪያው የገባበት ሰው ሁሉ ደግሞ አይታመምም። የሰውነታችን ዘብ የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች ይውጡታል፤ መግደል ቢያቅታቸው እንኳ ተሰብስበው እንደ አጥር ይከቡታል። በዚያ አጥር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ባክቴሪያው ከገባባቸው 100 ሰዎች በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። አጥሩን ከሚያፈርሱት መካከል ረሃብ፣ ኤች.አይ.ቪ. እና የስኳር በሽታ ይገኛሉ። ድሀ ሰፈር ይበልጥ የሚጠቃውም ለዚህ ነው፤ ምግቡ ጥቂት፣ ክፍሉ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ። የቢ.ሲ.ጂ. ክትባትም ሕፃናትን ከከባዱ ዓይነት ይጠብቃል እንጂ ለአዋቂ አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ስለሆነም «ተከትቤአለሁ» ብሎ መኩራራት አያዋጣም።

«እንግዲያው የታመመው ወደ አገሩ ይሂድልን» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ሆኖም ዛሬ ቼናይ በምትባለው የሕንድ ከተማ በማድራስ የተደረገውንና እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመውን ጥናት ይመልከቱ። ድሆች ሕመምተኞች በዕጣ ተለይተው ግማሾቹ በሕክምና ተቋም ተኝተው፣ ግማሾቹ በተጣበበ ቤታቸው ሆነው መድኃኒት ወሰዱ። ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ። ቤት የቀሩት ሕመምተኞች ቤተሰብም ከሌሎቹ ቤተሰብ የበለጠ አልታመመም። ከዚህ የምንረዳው፣ ይበልጥ የሚያስፈራው መድኃኒት የጀመረው ሳይሆን ያልተመረመረው መሆኑን ነው። ሐኪሙ ጥቂት ሳምንት ተለይተህ ቆይ ካለው ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቦታው እዚሁ ከእኛ ጋር ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሚያስደብቀው ማን ነው? ኩባያው የተለየበትን ያየ ሌላው ሳሉን በትራስ አፍኖ ያድራል።

ስለዚህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ የከሳ ጓደኛ ካለን ወደ ጤና ጣቢያ እንሸኘው። አክታው በማይክሮስኮፕ ወይም ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ይመረመራል፤ መሣሪያው ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውጤት ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ 2 ወር አራት ዓይነት፣ 4 ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት። በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ይፈጥራል፤ እዚህ ላይ ነው «ዛሬስ ዋጥክ?» የሚል ጓደኛ የሚያስፈልገው።

ዕጩ መምህራን ነን። ነገ በየገጠሩ የታጨቀ ክፍል ይጠብቀናል። የሚያስለውን ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ለብቻው የሚያስቀምጥ መምህር በሽታውን አያቆምም፤ መስኮቱን ከፍቶ ወላጁን የሚያነጋግር ግን ያቆመዋል። ልምምዱን ከመኝታ ክፍላችን እንጀምር። ከበረደን ብርድ ልብስ እንደርብ፤ መስኮቱ ግን ይከፈት።

ከአንድ ዕጩ መምህር