ጠላ ለምን ያሳፍረናል?



መጋቢት ገብቶ የባሕር ዳር ፀሐይ ስትበረታ፣ ከመማሪያ ክፍል ወጥተን ወደ ጣና ዳር የምንወርድ ተማሪዎች የምንነጋገረው ስለ ፈተና ብቻ አይደለም። ጥማችንን በምን እንቁረጥ የሚለውም ጉዳይ አለ። መልሳችን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ የጠርሙስ ቢራ። በየሰፈሩ እንጨት ላይ ጣሳ ደፍተው የሚጠብቁንን ጠላ ቤቶች ግን አንገታችንን አዙረን እናልፋቸዋለን።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ «ለምረቃው ድግስ ጠላ ይጠመቅ» ብሎ አሳብ ቢያቀርብ አዘጋጆቹ ሳቁበት። «እንግዶች ይመጣሉ እኮ! ደግሞስ ጠላ ይኮመጥጣል» አሉት። የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ይህች «ይኮመጥጣል» የምትል ቃል ናት።

ለመሆኑ የመጠጥ መኮምጠጥ ነውር ነውን? በቤልጅግ አገር፣ በብራስልስ አካባቢ፣ ላምቢክ የሚባል ቢራ አለ። ጠማቂዎቹ እርሾ አይጨምሩበትም። የፈላውን የብቅል ውኃ በሰፊ ገንዳ ዘርግተው ለሌሊት አየር ይተዉታል፤ ከዚያም በእንጨት በርሜል ከ1 እስከ 3 ዓመት ያስቀምጡታል። ከአየሩና ከእንጨቱ የሚመጡት ጥቃቅን ተሐዋስያን ራሳቸው ያፈሉታል፣ ያኮመጥጡታልም። በርሊንም ከስንዴ ብቅል የሚጠመቅ ቀላልና ኮምጣጣ ቢራ አላት፤ ሰዎች በበጋቸው በፍራፍሬ ሽሮፕ እያጣፈጡ ይጠጡታል። የሚኮመጥጥ ነገር ምራቅ ያመነጫል፣ አፍን ያረጥባል፤ አልኮሉም ትንሽ ከሆነ ራስ አያዞርም። ስለዚህ ለሙቀት ቀን ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የቤልጅግን የቢራ ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጻፈው። ቤልጅጎቹ በኮምጣጣው ቢራቸው አላፈሩም፤ ኰሩበት እንጂ።

እንግዲህ የእናቶቻችን ጋን ከዚህ በምን ያንሳል? አሠራሩን ከተመለከትነው ተመሳሳይነቱ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠብና በወይራ ጢስ ይታጠናል። ከዚያ የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ብቅልና የተቈራረሰ ቂጣ፣ ቀጥሎም እንኩሮ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ አፉ ይመረጋል። እህሉ እንደ አገሩ ነው፤ በእኛ ዙሪያ፣ በሜጫና በአቸፈር፣ ዳጉሳ ብዙ ይሠራበታል። በጎንደር በኩል ደግሞ ከገብስ የሚዘጋጀው ኮረፌ አለ። ከፋብሪካ የተገዛ እርሾ ማንም አይጨምርም። እርሾው ከእህሉ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ይመጣል፤ ከእርሱም ጋር ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ዓይነት ተሐዋስያን አብረው ይሠራሉ። ጠላን የሚያኮመጥጡት እነርሱ ናቸው። ጌሾውም ምሬቱን ሰጥቶ ያመዛዝነዋል። የአልኮሉ መጠን ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 4 ነው።

ጌሾውንም ከሩቅ አናመጣውም። ማዶ የምናየው የዘጌ ልሳነ ምድር በጥንታዊ ልማዱ የማይታረስ ምድር ነው፤ ሕዝቡ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ደን ጋር ተስማምቶ የኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ስለዚህ ጠላ ሲጠጣ የዘጌ ደንም ድርሻ አለው።

ይሁን እንጂ ጠላ ሁሉ መልካም ነው አንልም። ውኃው ያልጠራ፣ ጋኑ በወጉ ያልታጠነ ጠላ ሆድ ያውካል። ተከፍቶ ብዙ ቀን የቆየም አየር ስለሚያገኘው አልኮሉ ወደ ኮምጣጤነት ይለወጣል። የሁለቱን መኮምጠጥ መለየት የጠጪው ፈንታ ነው። መልካሙ እንደ እርጎ ለስላሳ ነው፣ ምላስ ላይ ይቀራል። የተበላሸው ግን አፍንጫ ይወጋል። ለጀማሪ የምንመክረው ይህ ነው፤ ጉሹ ገና ያልጠራ፣ ብቅል ብቅል የሚል ስለሆነ ለመቅመስ ያህል ይበቃል። ዋናው ጠላ ከምሳ ጋር ይሁን። ለቀትር ሐሩር ግን ከቅራሪ የሚሻል የለም፤ ከድፍድፉ ላይ በሁለተኛ ውኃ የሚወጣ ቀላልና ኮምጠጥ ያለ መጠጥ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሚያሳፍረን በእውነቱ የጠላው መኮምጠጥ አይደለም። የሚያሳፍረን ድህነታችን የሚታይበት መስሎን ነው። ከእኛ መካከል ደብተሩና ጫማው በጠላ ገንዘብ የተገዛለት ጥቂት አይደለም። እናቱ በሌሊት ተነሥታ እንኩሮ ስታምስ ጢሱ ዓይኗን እያቃጠላት፣ እርሱ በዚያው ምድጃ ብርሃን ያነበበ ልጅ ዛሬ አጠገባችን ተቀምጧል። ይህ ልጅ በምረቃው ቀን ከጓደኞቹ ፊት ጠላን «የድሮ ሰው መጠጥ» ብሎ ሲስቅ፣ የሚስቀው በማን ላይ ነው? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንዲሉ፣ የፈረንጅ ኮምጣጣ ቢራ በውድ ዋጋ ቢቀርብልን «ጣዕሙ ልዩ ነው» ለማለት የምንቸኩል እኛው ነን።

የጠርሙስ ቢራ ይጥፋ አላልንም፤ የወደደ ይጠጣ። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዘንድሮው ምረቃ ቢያንስ ሁለት ጋን ጠላ ይቅረብ፤ ከግቢያችን አጠገብ ከሚጠምቁት እናቶች ይገዛ፤ ዋጋውም ሳይከራከሩ የጠየቁት ይሁን። ሁለተኛ፣ የኬሚካልና የምግብ ምሕንድስና ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጥናታቸውን ርእስ ሲፈልጉ ወደ ጠላ ቤት ይሂዱ። የጌሾው ልክ፣ የጥንስሱ ቀን፣ የወይራው ጢስ ሙያው ያለው በእነዚያ ሴቶች እጅ ነው። ጋኑን የፕላስቲክ በርሜል እየተካው ነው፤ ባለሙያዎቹም እያረጁ ነው። ዛሬ ጠይቀን ካልጻፍነው ነገ የምንጠይቀው ሰው አናገኝም።

አዘጋጆቹ ዘንድሮም ከሳቁ፣ አንድ ጣሳ ቅራሪ ቀድተን እንሰጣቸዋለን። ጠጥተው ይሳቁ።