ለግል ዕጩም ሜዳው ይስተካከል

በ1997 ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በደምቢዶሎ፣ በ2002 ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ በቦንጋ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገብተዋል። በ2002 ከ547 መቀመጫዎች ለግል ዕጩ የደረሰው ግን አንዱ ብቻ ነበር፤ በ2007 እሱም ጠፋ። በአሜሪካም በግል ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሮስ ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ የሕዝብ ድምፅ አግኝተው አንድ ግዛት እንኳ አላሸነፉም።

ከደነባ አንድ መምህር በግሉ ልወዳደር ቢል ፖስተሩን በገዛ ኪሱ ያሳትማል፤ በየቀበሌው በእግሩ ይዞራል፤ በምርጫ ጣቢያ የሚያስቀምጠውን ወኪል ከዘመድ ከወዳጅ ይለምናል። ገዥው ፓርቲ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ይህ ፍትሐዊ ውድድር አይደለም። ምርጫ ቦርድ የአየር ሰዓቱም ሆነ የመሰብሰቢያ አዳራሹ ለግል ዕጩ በእኩል መድረሱን ወረዳ ድረስ ወርዶ ይከታተል።