ሜዳው፣ ጉብኝቱና ካምፑ የትምህርቱ አካል ናቸው

እንደሚታወቀው ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ልጁን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚልከው የምስክር ወረቀት ይዞ እንዲመለስ ብቻ አይደለም። አካሉ የጠነከረ፣ ሀገሩን በሚገባ የሚያውቅ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተባብሮ መሥራትና መኖር የሚችል ዜጋ ሆኖ እንዲወጣለት ነው። አካል የሚጠነክረው በስፖርት ሜዳ ነው። ሀገር የሚታወቀው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በትምህርታዊ ጉብኝትም ነው። አብሮ መኖር ደግሞ ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት አንድ ላይ ሠርተው፣ አንድ ላይ በልተው፣ አንድ ላይ በሚያድሩበት ካምፕ ይለመዳል። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጥያቄም፣ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ወሰነ ትምህርት ውስጥ የሚገባቸውን ስፍራ ሲያጡ የሚጎዳው ማን ነው? ጉዳቱንስ የሚያቃልለው ማን ነው? የሚል ይሆናል።

ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከየአካባቢያቸው ተነሥተው ብሔራዊ ፈተናቸውን በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲወስዱ ተደረገ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ፈተና ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ቢልም አብዛኛው ተማሪ አሁንም ከማለፊያው በታች መሆኑ አልተለወጠም። በዚህ ውጤት የተደናገጠ ወላጅ፣ «ኳሱ ይቅር፣ ጉዞው ይቅር፣ ልጆቹ ተቀምጠው ያጥኑ» ቢል አይፈረድበትም። ድንጋጤውን እንረዳለን። መፍትሔው ግን ትክክል አይደለም እንላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ለብዙ የገጠርና የትናንሽ ከተሞች ወጣቶች ከቤት ርቀው የተጓዙበትና ከእኩዮቻቸው ጋር በአንድ ግቢ ያደሩበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ይኸው የፈተና ጉዞ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀበሌው ያልወጣ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ተፈታኝ ሆኖ ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር መኝታ መጋራት፣ ራስን ማስተዳደር፣ በእንግዳ አካባቢ አለመደናገር አስቀድመው የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። ትምህርት ቤቱ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ይህን ልምምድ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ተማሪው ወደ ፈተናው ግቢ የሚገባው በሌላ መንፈስ በሆነ ነበር።

ለመሆኑ ውጤቱን ያወረደው ስፖርትና ጉብኝት ነውን? የወደቁት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ጊዜያቸውን በካምፕና በሽርሽር ያጠፉ አይደሉም። የአብዛኞቹ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ኖሮትም አያውቅም። የድክመቱ ሥሮች ሌላ ቦታ ናቸው፤ በታችኛው ክፍል ያልተጣለ መሠረት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ መሣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ፣ ኑሮ የከበደው መምህር ይጠቀሳሉ። እነዚህን ትቶ ሜዳውን መዝጋት ሕመሙ ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ መሆኑ ነው።

ከዚህ አንጻር የሲንጋፖርን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና በሒሳብም፣ በሳይንስም፣ በንባብም አንደኛ የወጣችው ይህች አነስተኛ ሀገር ናት። በፈተና ጥብቅነቷም የታወቀች ናት። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገችው ዕቅድ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመት አካባቢ የሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ አምስት ቀን የሚፈጅ የካምፕ ቆይታ እንዲኖራቸው ወሰነች። በዚህ ካምፕ የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይደባለቃሉ። ሲንጋፖር ይህን የምታደርገው ለትምህርት ደንታ ስለሌላት አይደለም፤ ከተለያየ ቤት የመጡ ልጆች ሳይተዋወቁ ቢያድጉ ለሀገሪቱ አደጋ መሆኑን ስለተገነዘበች ነው።

የጤናውም ጉዳይ ችላ ሊባል የሚችል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ወጣቶች በየቀኑ በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ አካላዊ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ድርጅቱ ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዓለም ዙሪያ ከ11 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወጣቶች መካከል 81 ከመቶው ይህን መጠን አያሟሉም። ክፍተቱ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይሰፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የትምህርት ቤቱ ስፖርት፣ ጉብኝትና ካምፕ ሲቀር ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም። ባለጸጋው ልጁን ወደ መዋኛ ይወስደዋል፤ በክፍያ የሚያሠለጥን ክለብ ያስገባዋል፤ በበዓል ቀን በመኪና ሐይቅና ተራራ ያሳየዋል። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የጥበቃው፣ የጉልት ነጋዴዋ ልጅ ግን ከትምህርት ቤቱ ሜዳ በቀር ሌላ ሜዳ የለውም፤ ትምህርት ቤቱ ካልወሰደው በቀር ሙዚየም የሚወስደው የለም። ስለዚህ «ይቅር» የሚለው ቃል ለአንዱ ምንም ሳያጎድል ከሌላው ያለውን ሁሉ ይወስዳል። ጉብኝቱ ሳይቀር ቀርቶ «ገንዘብ ያመጣ ይሂድ» ከተባለም ውጤቱ ያው ነው። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ የሄዱት ያዩትን ሲያወሩ ያልሄዱት አንገታቸውን ይደፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የጸደቀው የአካል ማጎልመሻና የስፖርት ቻርተር በመጀመሪያው አንቀጹ ይህ ጉዳይ የሰው ልጅ ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን ደንግጓል። መብት ከሆነ ደግሞ በወላጅ ኪስ ሊመዘን አይገባውም።

ስለ ሜዳ ስንናገር በሕዝብ ዓይን ፊት የሆነውን እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ በተከሰተ ጊዜ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ገበያ መጨናነቁን ለመቀነስ ሲባል ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ከወራት በኋላ፣ የ2013 ዓ.ም ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ገበያው ወደ ሌላ ስፍራ ተነሣ። እርምጃው በችግር ጊዜ የተወሰደ ነበርና አንነቅፈውም። የሚያስተምረን ግን ነገር አለ፤ ቦታ ሲፈለግ በመጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት ሜዳ ነው። ጃን ሜዳን የሚያስመልስ ታላቅ በዓልና ረጅም ታሪክ ነበረው። የየሰፈሩ ትምህርት ቤት ሜዳ ግን እንዲህ ያለ ተሟጋች የለውም። አንድ ጊዜ መጋዘን ወይም የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ተመልሶ ሜዳ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው።

አንድ ተራ ሜዳ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ለማወቅ ወደ አርሲ፣ ወደ በቆጂ መመልከት ይበቃል። በዚያች ደጋ ከተማ የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት ልጆችን እየሰበሰቡ ያሠለጥኑ ነበር። በ1984 ዓ.ም በባርሴሎና ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም የአትላንታን ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ በ2000 ዓ.ም በቤጂንግ በየፊናቸው ሁለት ሁለት ወርቅ ያጠለቁት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያው አካባቢ የወጡ ናቸው። በቆጂ የነበረው ሜዳ፣ ትጉህ መምህርና በየቀኑ የሚሮጡ ብዙ ልጆች እንጂ ውድ መሣሪያ አልነበረም። ብዙዎች ስለሮጡ ጥቂቶች ተለይተው ወጡ፤ የቀሩትም ቢሆኑ ጤናቸውንና ጽናታቸውን ይዘው ቀርተዋል።

ይህ ሲባል ግን የትምህርት ቤት ስፖርት ዓላማው ሻምፒዮን መልቀም ነው ማለት አይደለም። የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ስፓርታኪያድ በተባሉ የልጆችና የወጣቶች ውድድሮች እጅግ ብዙ ተማሪዎችን ወደ ሜዳ አውጥታ ነበር። ይህ በራሱ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ከሥሩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ለሜዳልያ የሚመለምል አሠራር ተዘረጋ። በኋላ በፍርድ ቤት እንደተረጋገጠው ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጃገረዶች ጭምር ሳያውቁት ኃይል ሰጪ መድኃኒት እስከ መስጠት ተደረሰ። ወጣቱ ለሜዳልያ ሲባል መሣሪያ ከሆነ ስፖርቱ ዓላማውን ስቷል። በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ዝግ ብላ የምትሮጠው ልጅ ከፈጣኗ ያላነሰ ቦታ ሊኖራት ይገባል።

ትምህርታዊ ጉብኝትም እንዲሁ ሊታቀድ ይገባዋል። ጭፈራና ፎቶግራፍ ብቻ ከሆነ «ሽርሽር ነው» የሚሉት ትክክል ናቸው። የአዋሽን ወንዝ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጂቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች በዚህ ወንዝ ዳር የድንጋይ መሣሪያ ሠርተዋል፤ ስፍራው በ2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዝቅ ብሎ ቆቃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የኃይል ማመንጫ ግድብ አለ። በታችኛው አዋሽ፣ በሐዳር፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሉሲ በ1967 ዓ.ም ተገኝታለች። አንድ ወንዝ ታሪክንም፣ ጂኦግራፊንም፣ ፊዚክስንም፣ የእርሻና የፋብሪካ ሥራንም ያስተምራል። ተማሪዎቹ ሁሉንም ቦታ መድረስ አይጠበቅባቸውም፤ አንዱን በእግራቸው ረግጠው ሌላውን በካርታ ቢከተሉ በቂ ነው። ለሩቅ መንገድ አቅም የሌለው ትምህርት ቤትም ቢሆን በእግር የሚደረስበት ምንጭ፣ ወፍጮ፣ የሽመና ቤት ወይም ፋብሪካ አያጣም።

ስለ ካምፕ ሲነሣ ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢዎቻችን የዕድገት በኅብረት ዘመቻን ማስታወሳቸው አይቀርም። በታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም በተጀመረው ዘመቻ 60 ሺህ ያህል የ11ኛና የ12ኛ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ የዘመቻ ጣቢያ ተሰማሩ። ብዙ የከተማ ልጅ ገበሬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀው፣ ብዙ ገበሬም ፊደል የቆጠረው በዚያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ዘመቻው ግዴታ ነበር፤ ወጣቶቹ በመሬት ጥያቄ ግጭት መካከል ገቡ፤ ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ፤ በርካቶችም ጣቢያቸውን ጥለው ወጡ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ወጣቱ ከሕዝቡ ጋር መኖሩ ታላቅ ትምህርት ነው፤ ያለ ፈቃዱ፣ ያለ በቂ ዝግጅትና ያለ ደኅንነት ዋስትና ሲሆን ግን ትምህርትነቱ ይቀራል።

እኛ የምንለው ካምፕ ከዚህ እጅግ የጠበበ ነው። በወሰነ ትምህርቱ መካከል ለሁለት ወይም ለሦስት ሌሊት፣ በወላጅ ፈቃድ፣ በሌላ ቀበሌ ወይም ወረዳ በሚገኝ ትምህርት ቤት ግቢ የሚደረግ ቆይታ ነው። ጠዋት ስፖርት፣ ከዚያ የአካባቢ ጥናትና የጋራ ሥራ፣ ማታ ውይይትና ጨዋታ ይኖራል። ውኃ የሚቀዳው፣ ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ሳህን የሚያጥበው በተራ እንጂ በጾታ አይደለም። ይህም ራሱ ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም ሴት ተማሪዎች ከሜዳ የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ከትምህርት በኋላ የቤቱ ሥራ በእነርሱ ላይ መውደቁ ነው። ለሴቶች የተለየ መኝታ፣ አብረው የሚያድሩ ሴት መምህራን፣ ንጹሕ ውኃና የመጀመሪያ እርዳታ ያልተሟላበት ካምፕ ግን ሳይጀመር መቅረት አለበት።

«ድንኳኑና ድስቱ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ከሰፈራችን አይርቅም። ዕድሮቻችን ለሐዘን ቀን የሚያውሉት ድንኳን፣ ትልልቅ ድስት፣ አግዳሚ ወንበር አላቸው። ለሐዘን የተሰበሰበው የጋራ ንብረት በዓመት ጥቂት ቀን ለልጆች ቢውል የሚጎድል ነገር የለም። በፋብሪካ የሚሠራው ወገናችንም ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግሮ በሩን ለተማሪዎች ሊያስከፍትና ማሽኑን በራሱ አንደበት ሊያስረዳ ይችላል። የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ ያለው ድርጅትም በዕረፍት ቀን ሊተባበር ይችላል።

እርግጥ ይህ ሁሉ ሰላም ይፈልጋል። በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ልጆች ለዓመታት ከትምህርት ገበታ ተለይተው ነበር፤ በአማራና በሌሎችም አካባቢዎች በግጭት ሳቢያ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። መንገዱ ያልተረጋጋበት አካባቢ ተማሪዎችን ለጉብኝት ማውጣት አይታሰብም። በዚያ ቀዳሚው ጥያቄ የትምህርት ቤቱ በር መከፈት ነው። በሩ ሲከፈት ግን ፍርሃትና መለያየት ያየ ልጅ ከሌላው ይልቅ ሜዳውንና የጋራ ጨዋታውን እንደሚሻ መዘንጋት የለበትም።

በመሆኑም የቀበሌና የሰፈር ማኅበራት አባላት፣ ሠራተኞችና ወላጆች በሚቀጥለው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ አራት ጥያቄዎችን እንዲያነሡ እናሳስባለን። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ወሰኑ የታወቀ፣ የይዞታ ማረጋገጫው በእጅ ያለ ነውን? በሳምንቱ የትምህርት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የስፖርት ክፍለ ጊዜ በእርግጥ በሜዳ ላይ ይውላል ወይስ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ይሆናል? በዚህ ወሰነ ትምህርት አንድም ተማሪ በገንዘብ ምክንያት የማይቀርበት አንድ ጉብኝት ታቅዷልን? ካምፕ ለማድረግስ ዕድራችን፣ ማኅበራችንና መሥሪያ ቤታችን ምን ማዋጣት ይችላሉ?

መልሶቹ በቃለ ጉባኤ ይመዝገቡ፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ይሰየም፤ በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ የተሠራውና ያልተሠራው ለስብሰባው ይቅረብ።