ለአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ማውስ

በመሥሪያ ቤትዎ ወይም በትምህርት ቤትዎ ባለው ኮምፒዩተር ላይ፥ ቀድሞ ከተሰካው ሌላ ሁለተኛ ማውስ ቢጨምሩበት ምን የሚሆን ይመስልዎታል? ሁለት ቀስት ይታያል ብለው ይገምቱ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱም ማውሶች ያችኑ አንዲት ቀስት ይጎትቷታል እንጂ ሌላ ቀስት አይመጣም። አንዱን ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ የሳቡ እንደ ሆነ፥ ቀስቷ የማይስማሙ በሬዎች እንደ ተጠመዱበት ቀንበር ትንገዳገዳለች። ዊንዶውስ የተባለው ሥርዓት ከየማውሱ የሚመጣውን እንቅስቃሴ ሁሉ አንድ ላይ አፍስሶ እንደ አንድ እጅ ሥራ ይቆጥረዋልና፥ አምስት ቢሰኩለትም ያው ነው።

ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ሁለተኛው ምን ይረባል?» ብሎ ይነቅለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሁለተኛው ማውስ የማይረባው የመጀመሪያውን ሥራ እንዲደግም ስናዝዘው ብቻ ነው። የራሱ የሆነ ሥራ የሰጡት እንደ ሆነ ብዙ ይጠቅማል።

እስቲ እጆቻችንን እንመልከት። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲይዝ ግራ እጁ በጭራው ላይ ቦታ ይመርጣል፤ ቀኙ ደጋኑን ይስባል። ሁለቱም ደጋን ይሳቡ ቢባል ዘፈን አይገኝም። ጸሐፊውም ብራናውን በግራው ደግፎ በቀኙ ይጽፋል። ኢቭ ጊያር የተባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1987 ይህንኑ ነገር መርምረው ጽፈዋል (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አሳባቸው በአጭሩ፥ ግራ እጅ ቀድሞ ሥፍራውን ያዘጋጃል፤ ቀኝ እጅ ደግሞ በተዘጋጀለት ሥፍራ ውስጥ ረቂቁን ሥራ ይሠራል የሚል ነው። ግራኝ የሆነ አንባቢ ቀኙን በግራ፥ ግራውን በቀኝ እየለወጠ ያንብብልኝ፤ ይህን ማድረግ መቼም ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ነው።

ማስረጃቸው ደስ ይላል። አንድ ሰው የሚነገረውን ቃል በወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከወረቀቱ ሥር ግን የካርቦን ወረቀት ተደብቋል። ጽሕፈቱ ገጹን ሲሞላ፥ ካርቦኑ በጠረጴዛው ላይ ያስቀረው ምልክት ከገጹ ስፋት ከፊሉን ብቻ ይዞ ተገኘ። ምክንያቱም ግራ እጅ ማንም ሳያዘው ወረቀቱን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲገፋ ኖሯል! ቀኙ ባለበት እየጻፈ፥ ገጹን የሚያመጣለት ግራው ነበር።

ማውስን የፈጠሩት ሰዎችም የግራውን እጅ አልረሱም ነበር። ዳግላስ ኤንግልባርት አሳቡን ባመነጩበትና ቢል ኢንግሊሽ በ1964 በሠሩት መሣሪያ፥ የመጀመሪያው ማውስ ሁለት መንኰራኵርና አንድ መጫኛ ያለው የእንጨት ሣጥን ነበረ። ኤንግልባርት በታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለተሰበሰቡት ባለሙያዎች ሲያሳዩት፥ በቀኛቸው ማውሱን፥ በግራቸው ደግሞ እንደ ፒያኖ ያለ አምስት ቍልፍ ብቻ ያለው ትንሽ ሰሌዳ ይዘው ነበር። ቀኙ ይጠቁማል፤ ግራው ፊደልና ትእዛዝ ይሰጣል። አምስቱን ቍልፎች ልዩ ልዩ አድርጎ በማጣመር 31 ምልክት ይገኛልና ለ26ቱ የእንግሊዝ ፊደላት ይበቃል። ለእኛ ፊደል ቢሆን የጎረቤት እጅ መበደር ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ማውሱ ዓለምን ወረሰ፤ የግራው ሰሌዳ ተረሳ። ስለዚህም ቀኝ እጃችን ይጠቁማል፥ ይጫናል፥ ገጹን ያንከባልላል፤ ግራው ሻይ ይዞ ይቀመጣል። በ1986 ቢል ባክስተንና ብራድ ማየርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች በቀኛቸው መጠቆሚያ፥ በግራቸው ገጽ ማንቀሳቀሻ ሰጥተው ሲያሠሯቸው፥ ሁለቱን በሙሉ በአንድ እጃቸው ከሚሠሩት ይልቅ ፈጥነው ጨርሰዋል። በሁለት እጅ ለመሥራትም ብዙ ማስተማር አላስፈለገም።

እርስዎ አሁን ጀማሪ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነዎት እንበል። አራት ሺህ ስም ያለበት የኤክሴል ሠንጠረዥ ይታረም ተብሎ ተሰጥቶዎታል። አንድ ስም ያርማሉ፥ ጐማዋን ያሽከረክራሉ፥ ደግሞ ያርማሉ። ማታ ወደ ቤትዎ ሲሄዱ የቀኝ እጅዎ አመልካች ጣትና አንጓው ይጠዘጥዝዎታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሕመሙ የበረታበት ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ። ነገር ግን ያ ጣት ቀኑን ሙሉ የሦስት ሠራተኛ ሥራ ሲሠራ መዋሉን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ ሁለተኛውን ማውስ ይሰኩና በግራዎ በኩል ያኑሩት፤ ሥራውም ጐማ ማሽከርከር ብቻ ይሁን። በአሁኑ ዊንዶውስ ጐማዋ የምታንከባልለው ቀስቷ ያለችበትን ገጽ ስለ ሆነ፥ ቀኝዎ ቀስቷን በሠንጠረዡ ላይ ይዞ ሲጠብቅ ግራዎ ስሞቹን ወደ እርሱ ያመጣለታል። እንደዚያ እንደ ጸሐፊው ወረቀት ማለት ነው። ለዚህ የሚገዛም ሆነ የሚጫን ፕሮግራም የለም።

አንድ ችግር አለ፤ ግራ እጅዎ ማውሱን ትንሽ የነካው እንደ ሆነ ቀስቷ ከቦታዋ ትዘላለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማውሱን ይገልብጡና በሆዱ ላይ ብርሃን የሚታይባትን ቀዳዳ ወፈር ባለ ወረቀት ሸፍነው በፕላስተር ይለጥፉባት። ዓይኑ ከእርሱ ጋር አብሮ የሚሄደውን ወረቀት ብቻ ስለሚያይ፥ የተንቀሳቀሰ አይመስለውም፤ ጐማዋ ግን እንደ ወትሮዋ ትሠራለች። አሮጌና ዓይኑ የታመመ ማውስ በዕቃ ቤት ካለ እንዳይጥሉት፤ ጐማው ደኅና ከሆነ ለዚህ ሥራ ይሆናል።

ላፕቶፕ ያለው አንባቢ ሁለተኛ ማውስ መፈለግ የለበትም። በግራ እጁ ሁለት ጣቶች የላፕቶፑን መዳሰሻ እየነካ ገጹን ያንቀሳቅስ፥ በቀኙ ማውሱን ይያዝ። በአንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ማውስ ሲሰካ መዳሰሻው እንዲጠፋ ተደርጎ ይሆናል፤ ይህን ከማስተካከያው ገጽ መመለስ ይቻላል። በግራ ማውስ መጫንም እፈልጋለሁ የሚል ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ በዊንዶውስ የቀኝና የግራ መጫኛን ማለዋወጥ የተሰኩትን ማውሶች ሁሉ አብሮ ይለውጣል። ለግራው ብሎ የለወጠው ለቀኙም ተለውጦ ይጠብቀዋል።

እውነተኛ ሁለት ቀስት የሚፈልግ ተማሪ ወደ ሊኑክስ ይሂድ። ፒተር ሁተረር የተባለ ባለሙያ የሠራው ዘዴ በ2009 ኤክስ ከሚባለው የስክሪን ሥርዓት ጋር ተዋሕዶ ስለ ወጣ፥ በትእዛዝ ሁለተኛ ቀስት መፍጠርና የፈለጉትን ማውስ ለእርሷ መስጠት ይቻላል። ዳሩ ግን አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሁለት ቀስት ይመጣብናል ብለው አልተሠሩምና ግራ ሲጋቡ ይታያል። የምሕንድስና ተማሪዎች ደግሞ ስፔስማውስ የሚባለውን ያውቁት ይሆናል። በግራ እጅ የሚያዝ እንቡጥ ነው፤ ሲገፉት፥ ሲያነሡትና ሲጠመዝዙት በስክሪኑ ላይ ያለው የማሽን ሥዕል አብሮ ይዞራል፤ ቀኝ እጅ በተራ ማውስ የሚፈልገውን ብሎን ይመርጣል። ዋጋው ግን ለመምህር ደመወዝ አይነገርም።

እስካሁን ያነሣነው ስለ አንድ ሰው ሁለት እጆች ነው። እኔን መምህሩን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በአንድ ኮምፒዩተር ፊት አምስት ተማሪዎች ሲቀመጡ ነው። ማውሱን የሚይዘው ማን ነው? በመጀመሪያው ቀን የያዘው ልጅ በሰኔም ይዞት ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ወንድ ነው። የቀሩት አራቱ «ኮምፒዩተር ተምረናል» ይላሉ፤ የተማሩት ግን የጓደኛቸውን ጀርባ ነው።

በሕንድ አገር የማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ሰዎች ይህንኑ አይተው መልቲማውስ የሚባል ሥርዓት ሠሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማውስና የራሱ ቀስት ይሰጠዋል። በ2007 ባሳተሙት ጥናት ላይ፥ 238 የገጠር ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ቃላት ሲማሩ፥ በአንድ ኮምፒዩተር ዙሪያ አምስት ሆነው አምስት ማውስ የያዙት በጠቅላላው ብቻውን ኮምፒዩተር ከያዘ ልጅ ጋር የሚተካከል ቃል ተምረዋል። እጅግ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንዱ አጨዋወት እሽቅድምድም ነበር፤ ሌላው ደግሞ መተባበርን የሚጠይቅ። ማውሱ ያው፥ ቃላቱም ያው ሆነው ሳለ በሁለቱ መካከል የተገኘው ውጤት በጣም ተለያየ። ሴቶቹ በየትኛውም ቢሆን ተቀራራቢ ትምህርት ሲያገኙ፥ የወንዶቹ ትምህርት እንደ አጨዋወቱ ይለዋወጥ ነበር። መምህር የሆነ ሁሉ ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

እኛ መልቲማውስ የለንም፤ ወረቀትና ፕላስተር ግን አለን። ስለዚህ በማስተምርበት ክፍል ዓይኑ የተሸፈነውን ማውስ ለአንድ ልጅ፥ ደኅናውን ለሌላ፥ ኪቦርዱን ለሦስተኛ ሰጠሁ፤ የቀሩት ሁለቱ ጥያቄውን ያነባሉ። ባለ ጐማው ካላመጣለት ባለ ቀስቱ የሚጫነው የለውም፤ ባለ ቀስቱ ቦታውን ካልያዘ ባለ ኪቦርዱ የት ይጽፋል? ክፍሉ ጫጫታ በዛበት፤ ጫጫታው ግን «ቆይ፥ አታውርጂው፥ ገና አላነበብኩም!» የሚል ነው። ከዚህ በፊት ድምፅዋን ያልሰማሁት ልጅ ጐማዋን ይዛ፥ ባለ ቀስቱን ስታስጠብቅ አይቻለሁ።

ጐማውን ብቻ ይዞ መቀመጥ ቶሎ ይሰለቻልና በየአሥር ደቂቃው ቦታ እንዲለዋወጡ አዝዣለሁ። ሰዓት መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ አሁን ግን ትቼዋለሁ። ቀስቷን የሚጠብቁት ልጆች ከእኔ ይልቅ በትክክል ይቆጥራሉ።