ለሰብል ጠባቂው ወጣት ክላሽ አይመጥነውም

በታች አርማጭሆ ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ሰሊጡም ለአጨዳ ሲደርስ የአርሶ አደሩ ሐሳብ ከማረምና ከመኮትኮት ወደ መጠበቅ ይዞራል። ከሳንጃ ዙሪያ ጀምሮ እስከ ምዕራብ አርማጭሆ፣ መተማና ቋራ ድረስ ባለው ቆላ ቀን ዝንጀሮ፣ ጦጣና ከርከሮ፣ ሌሊት ደግሞ ጃርትና የዱር አሳማ ማሳ ይገባሉ። አንድ የዝንጀሮ መንጋ ጠባቂ ያጣ ማሳ ካገኘ የቤተሰቡን የክረምት ድካም በአንድ ቀን ሊያጎድል ይችላል።

ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚወነጭፍና ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ ነበር። ዛሬም አለ። ነገር ግን በብዙ ማሳ ማማው ላይ ከወንጭፉ ጎን ጠመንጃ ተንጠልጥሎ ይታያል። ጠመንጃው አብዛኛውን ጊዜ የአባት ክላሽ ነው፤ አለዚያም ከአያት የወረደ አሮጌ ምንሽር ወይም ዲሞትፈር። ልጁ እየጎረመሰ ሲሄድ አባት “ለእሱ የሚሆን ቀለል ያለ መሣሪያ” መፈለግ ይጀምራል። ጥያቄው በየቤቱና በየገበያው ሲነሳ ቆይቷል፤ በወረዳ ስብሰባ ላይ ግን ብዙም አይነሳም። መነሳት ያለበት በግልጽ ነው፤ የሚመለከተው የሰብልን ጥበቃ ብቻ ሳይሆን የወጣቱንና በማሳው ዙሪያ ያለውን ሰው ሕይወት ነውና።

መጀመሪያ አንድ ነገር መለየት አለበት። በጠረፍ አካባቢ የሚኖር ሰው ቤቱንና ከብቱን ለመጠበቅ በሕግ አስመዝግቦ የሚይዘው መሣሪያ የራሱ ጉዳይና የራሱ አሠራር አለው። እዚህ የሚነሳው ሌላ ነው፤ ዝንጀሮ ለማባረር ወይም በፈቃድ ለማደን ወጣቱ የሚይዘው ጠመንጃ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ነው። ሁለቱ ስለተቀላቀሉ ነው ለጦርነት የተሠራ መሣሪያ የማሽላ ማሳ ጠባቂ የሆነው።

ክላሽ የተሠራው ለወታደር ነው። ካዝናው በጥይት ሲሞላ ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ ግራም ይጠጋል። የጥይቱ ውፍረት 7.62 ሚሊ ሜትር፣ የእርሳሱ ክብደት 8 ግራም ያህል ሲሆን ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ እየበረረ ነው። ዒላማውን ከሳተ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። መምረጫው በአግባቡ ካልተያዘ ደግሞ አንድ ጥይት ለመተኮስ የታሰበው ተከታትሎ ይወጣል።

ይህን ይዞ ወጣቱ የሚተኩሰው የት ነው? የማሽላ አገዳ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ከአገዳው በስተጀርባ ማን እንዳለ አይታይም። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከደጋው የመጡ የቀን ሠራተኞች በየማሳው ዳስ ጥለው ያድራሉ፤ ሂላ የሚያቆም፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚነዳ ሰው በየአቅጣጫው አለ። ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጥይት በዚህ መሀል መልቀቅ ዝንጀሮ ማባረር ሳይሆን በሰው ሕይወት ዕጣ መጣል ነው።

አሮጌዎቹ ጠመንጃዎችም መፍትሔ አይደሉም። ምንሽሩ ከክላሽ ይልቅ ረጅም ነው፤ ክብደቱም 4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሲተኮስ ሰደፉ የተኳሹን ትከሻ ክፉኛ ይመታል። ለጋ ወጣት አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ቃታ ሲስብ ዓይኑን መጨፈንና ትከሻውን መሸሽ ይለምዳል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለመተው ያስቸግራል፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ አደጋ ነው።

በሌላው ዓለም ወጣት አዳኝ የሚለማመድባቸው ጠመንጃዎች ከእነዚህ የተለዩ ናቸው። በጣም የታወቀው በተለምዶ 22 የሚባለው፣ 5.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው ትንሽ ጥይት የሚጎርሰው ጠመንጃ ነው። ጠመንጃው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የእርሳሱ ክብደት ከ3 ግራም በታች ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚይዘው ጉልበት ከዚህ ትንሽ ጥይት 14 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በዚህ ምክንያት 22 ትከሻ አይመታም፣ ድምፁም አያስደነግጥም፤ ተማሪው ፍርሃት ሳይሆን ዒላማ ይማራል።

እዚህ ላይ ገዥም ፈቃድ ሰጪም ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የአፈሙዝ ጥበት ብቻውን ጠመንጃን ቀላል አያደርገውም። 5.56 ሚሊ ሜትር የሚባለው የወታደር ጥይት ከ22 ጋር በውፍረት እኩል ሊባል ይችላል። ቀለሁ ግን ረጅም ነው፤ ባሩዱም ብዙ ነው፤ ጉልበቱ ከ22 በአሥር እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ “ቀጭን ጥይት ነው፣ ለልጅ ይሆናል” የሚል ሻጭ ሲያጋጥም መታየት ያለበት የእርሳሱ ውፍረት ብቻ ሳይሆን የቀለሁ ርዝመት ነው።

ከጥይቱ ቀጥሎ የሚታየው ልክ ነው። ልብስ ለሰው እንደሚለካ ጠመንጃም ይለካል። ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ሰደፉ በክርን መታጠፊያ ላይ ሲያርፍ የወጣቱ ጣት ያለ ችግር ቃታው ላይ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ሰደፉ ረዝሞበታል። አነጣጥሮ ሠላሳ እስኪቆጥር አፈሙዙ ወደ መሬት ካዘቀዘቀ ከብዶታል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ በየጊዜው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ የሚቀባበል ዓይነት ነው። አንድ ጥይት ብቻ ያለው ወጣት ከመተኮሱ በፊት ያስባል፤ ሠላሳ ያለው ግን ማሰቡን ለሚቀጥለው ጥይት ይተወዋል።

ትንሹ ጥይት ግን ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። እሱም ቢሆን ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ሰው ይገድላል። ጅግራና ቆቅ ለመሰለ ትንሽ ዒላማ ይበቃል እንጂ ከርከሮ ላይ ቢተኮስ ማቁሰል ብቻ ነው ትርፉ። የቆሰለ ከርከሮ ደግሞ በክራንቻው ሰው ይዘነጥላል። የግሪሳ ወፍ መንጋንም የትኛውም ጥይት አይመልሰውም፤ እሱ በወቅቱ ሪፖርት ተደርጎ በርጭት የሚከላከሉት ነው። ቀላል ጠመንጃ የሚመረጠው ለመማርና ጉዳትን ለመቀነስ እንጂ ችግሩን ሁሉ ይፈታል ተብሎ መሆን የለበትም።

ሕጉም መዘንጋት የለበትም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ለሰው በስሙ የሚሰጥ ነው፤ በአባት ስም የተመዘገበ ጠመንጃ እንደ ዱላ ለልጅ አይቀባበልም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ቦታው ከወንጭፉና ከጅራፉ ጋር ነው፤ ስለ ጠመንጃ ቢማርም የሚማረው አጠገቡ ባለው አዋቂ ነው። ማደንም እንዲሁ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። የመሣሪያ ፈቃድ ያለው ሁሉ የአደን ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። በቋራው አልጣሽና በምዕራብ አርማጭሆው ጎደቤ ብሔራዊ ፓርኮች ክልል ጠመንጃ ይዞ ለአደን መግባት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ጥፋት ነው።

ይህ ለአውሬው ብቻ ተብሎ የተደነገገ ሕግ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአልጣሽ አንበሶች መኖራቸው በአጥኚዎች ሲረጋገጥ ዜናው ዓለምን አዳርሷል፤ የአካባቢው ሰው ግን ከዚያ በፊትም ያውቅ ነበር። ነብር ዝንጀሮን ያድናል። ነብሩን ለቆዳው ወይም ለፉከራ የገደለ ሰው ዝንጀሮውን በማሳው ላይ አሰማራ ማለት ነው። “ገዳይ” መባል ክብር የነበረበት ዘመን አልፏል፤ ዛሬ የሚያስከብረው ጎተራ የሞላ ሰው መሆን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የወረዳ አመራሩ ጉዳዩን ለፖሊስ ብቻ መተው የለበትም። የግብርና፣ የሚሊሻ እንዲሁም የሰላምና ደኅንነት ጽሕፈት ቤቶች ከማሽላው እሸት በፊት፣ በነሐሴ፣ በየቀበሌው የአንድ ቀን የመሣሪያ አያያዝ ትምህርት ቢሰጡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለሰብል ጥበቃ ተብሎ የፈቃድ ጥያቄ ሲቀርብም “መሣሪያ” ብሎ በጅምላ ከመመዝገብ የጥይቱን ዓይነት፣ የአተኳኮሱን ሥርዓትና ያዡ መሠልጠኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ክላሽንና አንድ ጥይት የሚጎርስ ቀላል ጠመንጃን በአንድ ዓይን የሚያይ አሠራር አርሶ አደሩ ከባዱን እንዲመርጥ ይገፋፋዋል፤ ድካሙ እኩል ከሆነ ማን ትንሹን ይመርጣል?

ኩታ ገጠም እርሻም ለዚህ ያግዛል። አጎራባች ማሳዎች አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ጊዜ ከያዙ በአንድ ማማ ብዙ ማሳ መጠበቅ ይቻላል። በየጎጡ ተራ ወጥቶ ወንጭፍ፣ ጅራፍና ውሻ ይዘው የሚጠብቁ ወጣቶች ቢመደቡ፣ ከእነሱ ጋር ፈቃድ ያለው አንድ የሠለጠነ አዋቂ ብቻ መሣሪያ ቢይዝ ዝንጀሮውም ይመለሳል፣ ባዘነ ጥይት የሚጎዳ ሰውም አይኖርም። ከአቅም በላይ የሆነ አውሬ ሲያስቸግር ደግሞ ለወረዳው ማመልከት እንጂ በራስ ፈቃድ መዝመት አይገባም።

የአባት ድርሻም አለ። “ከአያያዝ ይቀደዳል” እንዲሉ ጠመንጃን አደገኛ የሚያደርገው በአብዛኛው አያያዙ ነው። አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም፤ ባዶ ነው ቢባልም። ዒላማው ተለይቶ እስኪታይ ጣት ቃታ ላይ አይወጣም። ከዒላማው ጀርባ ያለው ካልታየ አይተኮስም። ከማማ ሲወረድና ቤት ሲገባ ጥይቱ ይወጣል፤ ጠመንጃውና ጥይቱ ለየብቻ ይቆለፋሉ። በሠርግና በማኅበር ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይትም ተመልሶ ወደ ምድር እንደሚወርድ ልጅ ከአባቱ መስማት አለበት። እነዚህን በቃሉ ሳይሆን በሥራው ያሳየ አባት ለልጁ ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጥ ነገር አውርሶታል።

በቆላው አንድ ወጣት ማለት የነገ አራሽ፣ የቤት ተጧሪ ተስፋ ነው። የዝንጀሮ ጥፋት በሚቀጥለው ክረምት ይተካል፤ በስሕተት የጠፋ ሕይወት ግን መተኪያ የለውም፤ ደምና ቂምም አስከትሎ የሁለት ቤተሰብ እርሻ ጦም ሊያሳድር ይችላል። ስለዚህ ለወጣቱ ጠመንጃ የሚመርጥ አባትም፣ ፈቃዱን የሚፈርም ኃላፊም በቅድሚያ ሊጠይቁ የሚገባው “ምን ያህል ይገድላል?” ብለው ሳይሆን “ይህ ወጣት ልቆጣጠረው ይችላል ወይ?” ብለው ነው። መልሱ “አይችልም” ከሆነ ወንጭፉ ገና ጊዜው አላለፈበትም።