ሸማውን ሰቅለን ሸማኔውን እንዳንረሳ





በየአገሩ ሙዚየም ይቋቋም የሚለው ምክር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበረታ መሄዱ የሚያስደስት ነው። እኛም በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር የምንኖር ሰዎች የአባቶቻችን የእጅ ሥራ፣ ይልቁንም የሸማ ሥራ፣ ተሰብስቦ የሚታይበት ቤት ቢኖረን እንወዳለን። እኔም ይህን አሳብ ከሚደግፉት አንዱ ነኝ። ነገር ግን የሚጠበቀው ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድመን ካልተስማማን፣ የምናቆመው ሙዚየም የጨርቅ ዕቃ ቤት ሆኖ እንዳይቀር እሠጋለሁ።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በማስተምርበት ክፍል የደረሰ ትንሽ ነገር ነው። ተማሪዎቼ የወላጆቻቸውን ሥራ በአንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዝሁ። አባቱ ሸማ ሠሪ መሆኑን የማውቀው አንድ ልጅ «አባቴ ነጋዴ ነው» ብሎ ጻፈ። ለብቻው ጠርቼ ምክንያቱን ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «ይስቁብኛል ብዬ ነው፣ መምህር» አለኝ። እኔ ግን በጥምቀት ዕለት ለብሼው የዋልሁት ኩታ የዚሁ ልጅ አባት የሠራው ነበር።

ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪን «ቀጥቃጭ» እያሉ መስደብ በአገራችን የቆየ ነውር መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዐልፏል። አዋጁ በመጽሐፍ ተጽፎ ሲኖር ስድቡ ደግሞ በልጆች አፍ ላይ ኖሯል። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር እንደ ነበር በየሰንበቱ የሚሰማ ሕዝብ፣ ጎረቤቱን በሸማኔነቱ መናቁ እጅግ ያስገርማል። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በጎንደርና በጎጃም ከጥንት ጀምሮ ከሸማ ሠሪዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ስለዚህ ክርስቲያኑ ታቦት ሲያጅብ የሚለብሰው ነጭ ልብስ ብዙ ጊዜ የሙስሊም ጎረቤቱ እጅ ሥራ ነው። ይህን የመሰለ አብሮ የመኖር ምስክር በየትኛው ሰነድ እናገኛለን?

የሸማ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለከተማ አንባቢ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ፍሬው በመዳመጫ ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሴቶች ድካም ነው። ከዚያ በኋላ ባለፈትሏ ፈትሉን ለሸማኔው ትሰጠዋለች። እርሱም ድሩን አድርቶ፣ ማጉን በቀሰም ጠቅልሎ፣ በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። ጥለቱን ከወረቀት አያነብም፤ የድሩን ክር በጣቱ እየቈጠረ ከአእምሮው ያወጣዋል። ጋቢ አራት ድርብ ስለ ሆነ በውስጡ ስንት ወር የተፈተለ ክር እንዳለ ማሰብ ቀላል ነው። እንግዲህ በመስታወት ውስጥ ያስቀመጥነው ጋቢ የዚህ ሁሉ ብልኃት መጨረሻ ብቻ ነው። ብልኃቱ ራሱ ያለው በሸማኔው ጣትና በፈታዪቱ እጅ ነው። እነዚህ እጆች ሥራ ሲፈቱ ሙዚየሙ የሚጠብቀው የሞተ ነገር ይሆናል።

ዛሬ እነዚህን እጆች ሥራ የሚያስፈታው ምንድን ነው? የፋብሪካ ክር ነው ብሎ የሚናገር አለ። እኔ ግን አይመስለኝም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ከተቋቋመ ዘመን አልፎታል፤ ሸማኔውም ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል እያደረገ መሥራትን ተለማምዷል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ይኸውም የጥበባችን መልክ በመኪና ታትሞበት ከውጭ አገር የሚገባው ጨርቅ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥለት ይመስላል። ቀረብ ብለው ቢገለብጡት ግን የታተመው ቀለም ወደ ጀርባው በደንብ ሳይዘልቅ ይታያል፤ በእጅ የተሠራው ጥለት ግን ከክሩ ጋር የተሸመነ ስለ ሆነ በሁለቱም ወገን አለ። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ገዢው ወደ ታተመው ያዘነብላል፤ ሸማኔውም ልጁን ከጉድጓዱ አስነሥቶ ወደ ሌላ ሥራ ይልካል። በዚህም ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የደረሰው ግጭት አለ። መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይዘጋል፤ ጥጥና ክር ካልደረሰም የሠለጠነ እጅ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

ስለዚህ በእኛ አገር የሚቋቋም የሸማ ሙዚየም ከአዲስ አበባው በዓይነቱ መለየት አለበት እላለሁ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ሙዚየሙ የብዙ ሕዝቦችን ዕቃ ሰብስቦ ለትውልድ አቆይቷል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። የአገር ቤት ሙዚየም በሀብት ከእርሱ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ነገር ግን ዋና ከተማው የሌለው አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም ዕቃውን የሠራው ሰው በደጁ የሚኖር መሆኑ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ በፍኖተ ሰላም የሚቋቋመው ቤት ትልቅ አዳራሽ ባይሆንም ጉድጓድ የተቈፈረለት መሸመኛ ይኑረው፤ በእርሱም ላይ አንድ አረጋዊ ሸማኔና አንዲት ፈታይ እንደ መምህር ደመወዝ እየተከፈላቸው ይሥሩ፣ ያስተምሩም። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ሸማ ሥር የሠራው ሰውና ክሩን የፈተለችው ሴት ስም፣ መንደራቸውና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የጥለቶቹ ስምና የክሩ አቈጣጠር በጽሑፍና በፎቶግራፍ ተመዝግቦ፣ ጊዜው ጸጥታ የጐደለበት ስለ ሆነ ቅጂው በሌላ ቦታ ይቀመጥ። አራተኛ፣ ቡሬ የባሕር ዳርና የነቀምቴ መንገድ የሚገናኝባት የገበያ ከተማ ናትና በዚያ የእጅ ሥራው የሚሸጥበት ቦታ ይሰጥ። በ2013 ዓ.ም. ለተመረቀው ለቡሬ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰፊ መሬት የተገኘባት ከተማ፣ ለሸማኔዎች አንድ አዳራሽ አታጣም። በተጨማሪም ሸማው በምስማር ተሰቅሎ ፀሐይ እንዳይመታው አደራ እላለሁ። ብርሃን ቀለምን ያጠፋል፣ ክርንም ያደክማል፤ እርጥበት ያሻግተዋል፤ ለብዙ ዓመት የታጠፈም በእጥፋቱ ይበጠሳል። በእንጨት ላይ ጠቅልሎ በጨለማ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ይህ የማይሆን ሕልም እንዳይመስል ምሳሌ ላቅርብ። በፎገራ ወረዳ የሚገኘው፣ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ ሽመናን የጋራ መተዳደሪያው አድርጎታል፤ ወንድ ይፈትላል፣ ሴትም ትሸምናለች፤ እንግዳው ሥራውን በዓይኑ አይቶ ሸማውን ገዝቶ ይሄዳል። ከባሕር ማዶም ቢሆን ሕንድ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1985 ባወጣችው ሕግ የተወሰኑ የጨርቅ ዓይነቶች በእጅ መሸመኛ ብቻ እንዲሠሩ ከልላለች። ጋና ደግሞ ኬንቴ የሚባለው ሸማዋ አሠራር በ2024 በዩኔስኮ መዝገብ እንዲገባ አድርጋለች። አገራችን በ1998 ዓ.ም. የዚሁ ስምምነት አባል ሆናለች፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209ም ግዙፍነት የሌለውን ቅርስ ይጨምራል። ነገር ግን እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ በዩኔስኮ ካስመዘገብናቸው ከመስቀል፣ ከፊቼ ጫምባላላ፣ ከገዳ፣ ከጥምቀትና ከሸዋል ዒድ መካከል የሸማ ሥራ አልነበረም። በእነዚህ በዓላት አደባባዩን የሚሞላው ግን ሸማ ነው።

«ጎብኚ በሌለበት ሙዚየም ለማን ነው?» የሚል ይኖራል። መልሱ ለልጆቻችን ነው የሚል ነው። ከጎብኚ ሁሉ አስቀድሞ መግባት ያለባቸው የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ናቸው፤ የሚናቀውን ሰው መምህር ሆኖ ካላዩት ንቀቱ በስብከት ብቻ አይወጣላቸውም።

በመጨረሻም ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች አንድ ቃል አለኝ። ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦችን በዓል ስናከብር፣ በአዲስ ዓመትና በጥምቀትም፣ በየመሥሪያ ቤታችን የአገር ልብስ ለብሰን ፎቶግራፍ እንነሣለን። እስኪ በሚመጣው በዓል የለበስነውን ገልብጠን ጀርባውን እንመልከት። የታተመ ሆኖ ካገኘነው፣ ስለ ባህል መጠበቅ ያደረግነው ንግግር ሁሉ ከአፋችን አላለፈም ማለት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል የሚያስፈልገውን ልብስ ጥቂት ወራት ቀደም አድርጎ ለአገሩ ሸማኔዎች ቢያዝ፣ ሙዚየሙ ሳይከፈት የሙዚየሙን ግማሽ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

እኔ የምመኘው ያ ተማሪዬ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ወደዚያ ቤት ገብቶ የአባቱን ስም በሸማው ሥር ተጽፎ እንዲያነብ ነው። ያን ጊዜ የወላጆቻችሁን ሥራ ጻፉ ብዬ ባዝ፣ እውነተኛውን ለመጻፍ የሚያፍር አይመስለኝም።


አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከፍኖተ ሰላም